አም የምትለው ቃል

ጄት፣ ሰኞ

ሙቀቱ ሰው ያሳብዳል። የጄት ወር ገና አጋማሹ ላይ ነው፤ ዝናብ የለም፤ ዛፉም ሰውም ቆሞ ይንገበገባል።

ዛሬ ቻንድራኬት ባቡ ቢሮው አስጠራኝ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው። አያቱ የዚህ አገር ባላባት ነበሩ፤ እሱ ደግሞ የእኛ የመምህራኑ ባላባት ሆኗል። ወንበር ስቦ ቁጭ አስባለኝ። እንዲህ ሲያደርግ አንድ ነገር ፈልጓል ማለት ነው።

«ሱኒቲ ጂ፣ ዛሬ የምፈልገው እንግሊዝኛዎን ነው» አለኝና የድሮ የመሬት መዝገብ ግልባጭ ፊቴ ዘረጋ። የራጅባንድ ኩሬና ዙሪያው። የቼናይ ኩባንያ ቦታውን ገዝቶ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሊሠራበት ነው። ሰዎቹ ሂንዲ አይችሉም፤ መዝገቡን በእንግሊዝኛ ካላየን አንፈርምም ብለዋል።

መዝገቡ የተጻፈው በካይቲ ፊደል ነው። ያንን ፊደል ዛሬ እንደ ውሃ የሚያነብ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ቀርቷል። እሱም የባሌ አባት ነው። «ቤትዎ ውስጥ ሀብት አለ» አለኝ ቻንድራኬት ባቡ። አዎ፣ ጠዋት ማታ የሚያመናጭቀኝ ሀብት።

ሥራው ካማረለት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን የመምህራን ቤት ይሰጠኛል። ሁለት ክፍል። የራሱ የውሃ ፓምፕ። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፤ ቆላፊዋም እኔ።

ባሌ ቢቡቲ ከሚሠራበት ከሱራት ሲመጣ እዚያ ያገኘኛል። ፋብሪካው በዝናቡ ወቅት ፈቃድ ይሰጣል ብሎኝ ነበር።

ጄት፣ ረቡዕ

ፊት ለፊት «እርስዎ» የምለው ይበቃዋል። እዚህ ደብተር ላይ ግን ባቡጂን፣ የባሌን አባት፣ አንቱ አልለውም።

«ሙሽራ!» ብሎ ይጠራኛል። ካገባሁ ስንት ዘመኔ፤ አሁንም ሙሽራ ነኝ። ስሜን ቢጠራ ምላሱ ይቆረጥ ይመስል።

በደጉ ዘመኑ ቀያሽ ነበር። ሰንሰለቱን አስይዞ መንደር ሲገባ ሰው ፍየሉን ይደብቅ ነበር ይባላል። ይህን ሌላ ሰው አይደለም ያወራው፣ እሱ ራሱ ነው፤ ያውም እየሳቀ። ዛሬ በረንዳው ላይ ደረቱን ገልጦ ተቀመጠ፤ ትንባሆና ኖራውን መዳፉ ላይ እያሸ ካይቲውን በሂንዲ ያነባል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

«ፓርቲ» አለ።

«ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍኩ፤ ጮክ ብዬም ነገርኩት።

«ምን? ባዶ? ፓርቲ ለከርሞ ይበረታ ተብሎ ጦሙን ያደረ መሬት ነው። ያረፈና ባዶ አንድ ነው? አንቺ ስትተኚ ሞተሻል እንበል?»

«እንግሊዞቹ እንዲህ ነው የሚሉት።»

«እንግሊዞቹ ሄደዋል። ሰርዢው።»

ሰረዝኩት። ልክ ስለሆነ አይደለም፤ ድምፁን እንዳልሰማ ብዬ ነው። ምሳውን ሳቀርብለት ደግሞ ዓሣው ሰናፍጭ አነሰው ብሎ ሳህኑን ገፋው።

ሁለት ክፍል። የራሱ በር።

ጄት፣ ዓርብ

ሱራት ደወልኩ። አላነሳም። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ላይ ደውዬ ይሆናል።

ጄት፣ እሑድ

ዛሬ ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ኩሬው፣ የግጦሹ ዳርቻ፣ ሬሳ የሚቃጠልበት ጥግ። ባቡጂ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠጋ።

«ጌር ማዝሩአ አም» አለ። «ያልታረሰ፣ የወል። ጻፊ።»

ወዲያው ተነስቶ ሊታጠብ ገባ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

አም። በእኛ አገር ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት። አንደኛው ትርጉሟ የሁሉም፣ የወል ነው፤ በመዝገብ ላይ ስትገኝ ማንም ብቻውን ባለቤት አይሆንም፤ ከብትም ይጠጣበታል፣ ሙትም ይቃጠልበታል። ሁለተኛው ትርጉሟ ማንጎ ነው፣ የሚበላው። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ። ግን መዝገብ ላይ አይታ ማንጎ ናት የሚል ሰው የለም። ቢል ይሳቅበታል።

እንግሊዝኛውን ጽፌ ጨረስኩ፦ ያልታረሰ፣ የማኅበረሰቡ የወል። ነገ አስረክባለሁ።

ጄት፣ ማክሰኞ

ቻንድራኬት ባቡ አነበበው። ፈገግ እንዳለ እዚያው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ሱኒቲ ጂ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል። ኩሬው ዳር ማንጎዎች ቆመው የለም እንዴ?»

«ቆመዋል።»

«የማን ናቸው? አያቴ ናቸው ያስተከሏቸው። ታዲያ ጸሐፊው ‹ያልታረሰ፣ ማንጎ› ብሎ ጽፏል። የአያቴ የማንጎ ቦታ ማለት ነው። አም ማንጎ አይደለም?»

«ነው። ግን እዚህ...»

«ነው ካሉ ይበቃኛል። ሁለት ትርጉም ካላት አንዱን መምረጥ የተርጓሚዋ ሥልጣን ነው። እኔ እንግሊዝኛ መምህር አይደለሁም።» ከመሳቢያው ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አልሰጠኝም፤ አኖረው ብቻ። «ቤቱን ኖራ እያስቀባሁት ነው። ምን ዓይነት ቀለም ይወዳሉ?»

ነጭ አልኩት።

ጄት፣ ሐሙስ

ለወጥኩት። ያልታረሰ፣ የማንጎ ቦታ። ማህተም ተመታበት፤ ትርጉሙ እውነተኛ ነው ብዬም ከግርጌው ፈረምኩ።

ውሸት አልጻፍኩም። መዝገበ ቃላቱን ማንም ይክፈት። የወሰደው እሱ ነው፣ የሚሸጠው እሱ ነው፣ የሚገዛው ኩባንያው ነው። እኔ ቃል ነው ያሻገርኩት። ኩሬው አጠገብ ማላ ሰፈር ያሉት ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ምን ጊዜም የሚያለቅሱበት አያጡም።

ባቡጂ ማምሻውን ጠየቀኝ። «አም ላይ ምን አልሽ?»

«የሁሉም ብያለሁ።»

«በአንድ ቃል ነው በሁለት?»

«በሁለት።»

ራሱን ነቀነቀ። እንግሊዝኛ ስለማይችል እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ይሁን።

አሳር፣ ሰኞ

የአሳር ወር ገባ፤ ደመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። ልክ እንደ ባቡጂ፤ ልዩነቱ እሱ አለመሄዱ ነው።

ቧንቧ ጋ ባልዲዬን ተራ አስይዤ ቆሜ ሳለ የጎረቤታችን የሚትሌሽ እናት ለሌላዋ «ሱራት ላይ ሁለተኛ ምድጃ ለኩሷል ይላሉ» ስትል ሰማሁ። እኔን ስታይ ሳል ያዛት። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሱራት ከዚህ አገር የሄደ ወንድ ሞልቷል።

አሳር፣ ረቡዕ

ጉዴ ፈላ።

ቻንድራኬት ባቡ ሻይ ቤት ተቀምጦ እየሳቀ «የቀያሹ ምራት መዝገብ ውስጥ ማንጎ አገኘችልኝ» ብሏል። ባቡጂ ከጀርባው ወንበር ላይ ነበር። ቤት ሲገባ ዱላውን ከግድግዳው ጋር አጋጨው።

«ማንጎ ብለሻል?»

ሩዙን መልቀም ቀጠልኩ።

«እኔ እያነበብኩልሽ! በእኔ አፍ! ሰው ምን ይላል? ዲንባንዱ ላል ካይቲ ጠፋበት፣ አምን ከማንጎ አይለይም ይበሉኝ?»

«ስለ ስምዎ ነው እንግዲህ የተቆጡት።»

«በምን ልቆጣ ነበር?»

«ለድሆቹ አዝነው መስሎኝ ነበር። ፍየላቸውን ሲበሉ ስላላዘኑ ገርሞኝ ነው።»

ይህን ስለው ፊቱ ጠቆረ። «በልቻለሁ» አለ። «ፍየላቸውንም፣ ዓሣቸውንም፣ የኩሬ ፍሬ ማካናቸውንም በልቻለሁ። ቃል ግን አልበላሁም። ፍየል ይወለዳል፤ ቃል አንዴ ከተበላ ከየት ይወለዳል?»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሲመለስ መሽቶ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ከድኜ ያስቀመጥኩለትን ሩዝ ሳይነካው ተኛ።

አሳር፣ ሐሙስ

አወቅሁ የት እንደሄደ። ማላ ሰፈር ድረስ ሄዶ በየደጁ እየቆመ «እኔ የወል ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ማንጎ ያለችው እሷ ናት» ብሏል። ራሱን አጥቦ ቆሻሻውን በእኔ ላይ ደፋው። የገዛ ልጁ ሚስት ላይ!

አሳር፣ ቅዳሜ

ማንጎ በየቤቱ የሚበላበት ወቅት ነው። ዛሬ ጠዋት ግቢያችን በማንጎ ፍሬ ተሞልቶ አገኘሁት፤ የተመጠጠ፣ ዝንብ የወረረው። ከአጥር ውጭ ሴቶቹ ይስቃሉ። «እመት ማንጎ! አገኘሽልን ወይ?» ይሉኛል።

ገበያ ስወጣ ባሚያ የምትሸጥልኝ ሴት ቅርጫቷን ሸፈነች። «ላንቺ የለኝም» አለች። ባሚያው ከሥሩ ይታያል።

ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ማንጎ ተሥሎ ጠበቀኝ። አጥፍቼው አስተማርኩ።

ከሰዓት ላውንጊያ ራሷ መጣች። የማላ ሰፈር ሴቶች የሚሰሟት እሷን ነው፤ ባሏ ኩሬው ውስጥ ማካና ሲለቅም ሰምጦ ከሞተ ወዲህ እሾሃማውን ቅጠል እየገለጠች ጠልቃ ፍሬውን የምታወጣው እሷ ሆናለች። እጆቿ በጠባሳ ተተልትለዋል። በሩን አላንኳኳችም፤ መንገዱ መሃል ቆማ ጮኸች።

«መምህርት! ውጪ!»

ወጣሁ።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እንዳትዋሺኝ። ከብቴ እዚያ ሲጠጣ ማንጎ ነው የሚጠጣው?»

«ከቻንድራኬት ባቡ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ሠራተኛ ነኝ።»

«ባሌን እዚያ ጥግ አቃጥዬዋለሁ። ማንጎ ሥር ነው ያቃጠልኩት?»

«ሂጂ ከደጄ!»

«ደጅሽ ነው?» አለችና ቤቱን ከታች እስከ ላይ አየችው። «ይሄ የሽማግሌው ደጅ ነው። አንቺ የራስሽ ደጅ የለሽም።»

በሩን ደረገምኩባት። ከቤት ውስጥ ባቡጂ ትንባሆውን መዳፉ ላይ ሲያጨበጭብ ይሰማኛል።

አሳር፣ ማክሰኞ

ቁልፉን ጠየቅሁ። «ከኩባንያው የምትላከው ሴት መጥታ ቦታውን ካየች በኋላ» አለኝ ቻንድራኬት ባቡ። ቤቱ ግን ነጭ ተቀብቷል፤ አልፌ አየሁት።

ማምሻውን ከባቡጂ ጋር ተጨቃጨቅን፤ ነገሩ የጀመረው በሻይ ስኳር ነው። «ቢቡቲ ሲመጣ ከዚህ ቤት ይዞኝ ይወጣል» አልኩት።

«ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?» አለ። ከዚያ ተነስቶ፣ የማያደርገውን፣ የራሱን ኩባያ ራሱ አጠበ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሽማግሌ የሚናገረውን አያውቅም።

አሳር፣ ዓርብ

ዘነበ! ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት መንገዱ ጭቃ ነው፤ እንቁራሪት ይጮሃል። ነገ የቼናይዋ ሴት ትመጣለች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። «ሰፈርተኞቹ ከጮሁ ‹እንኳን ደህና መጣሽ እያሉ ነው› ይበሏት» አለኝ ቻንድራኬት ባቡ፤ ቀልዱን ራሱ ሳቀበት።

አሳር፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር እንዳይነግረኝ።

የኩባንያው ሴት ቴንሞዚ ትባላለች። መሐንዲስ ናት፤ አጭር፣ ጎማ ጫማ ያጠለቀች፣ ከመኪና ስትወርድ ጃንጥላዋን ለሾፌሩ ትታ በዝናብ የወጣች። ቻንድራኬት ባቡ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «ዌልካም፣ ዌልካም» ይላታል። ግንባሯን በእጇ ከልላ ማንጎዎቹን አየች። ኩሬውን የሸፈነውን የማካና ቅጠልም አየች።

«ይህን ማን ነው የሚያለማው?» አለችኝ።

ወደ ቻንድራኬት ባቡ አዞርኩት። «አረም ነው ይበሏት» አለ።

«አረም ነው ይላል» አልኳት።

ሴቶቹ ያኔ ነው ከዳገቱ የወረዱት። ላውንጊያ ፊት ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ጣቷን ዓይኔ ላይ ቀሰረች።

«ንገሪያት! ይቺ ከጎንሽ የቆመችው ጠንቋይ ኩሬያችንን በአንዲት ቃል ሸጠችው በያት!»

ቴንሞዚ ዘወር አለች። «ምንድን ነው የምትለው?»

ቻንድራኬት ባቡ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደህና መጣሽ ነው...» አለኝ በሂንዲ፤ ፈገግታው ሳይጠፋ።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ደግነት አልነበረም። ላውንጊያን እዚያው ላይ በጥፊ ባጠናግራት ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ ሥራዬ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምችለው አንድ ነገር እሱ ነው፤ ሰው ሲናገር አፌ ራሱ ያሻግራል። የተናገረችውን አንድም ሳላስቀር በእንግሊዝኛ አልኩት። ጠንቋይዋንም ጨምሬ።

«ስለ ማን ነው የምታወራው?»

«ስለ እኔ።»

ላውንጊያ አፌ ሲንቀሳቀስ አይታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አም ማንጎ ናት አለች! አም የሁሉም ናት! የእኔ፣ የእሷ፣ የከብቱ፣ የሙቱ!»

ተረጎምኩ።

«ባሏ ሱራት ላይ ሌላ ሴት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ጣላት! እሷ ቤት ስላጣች የእኛን ሸጣ ቤት ትገዛበታለች!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ላውንጊያም ራሷ ትንሽ ደነገጠች መሰለኝ።

ያንንም ተረጎምኩ። ‹ባሏ› አላልኩም፤ ‹ባሌ› አልኩ። ሰዋስው ነው፤ በእንግሊዝኛ የምናገረው እኔ ነኝና።

ቴንሞዚ ጠጋ አለችኝ። «እውነት ነው?»

«የትኛው?»

«መሬቱ።»

«እውነት ነው» አልኳት። «ቃሏ እዚህ መዝገብ ላይ የሁሉም ማለት ናት፤ ሌላ ትርጉም የላትም። ማንጎ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳውቅ ነው። የምታዪያቸው ቅጠሎችም አረም አይደሉም፤ እነዚህ ሴቶች የሚተዳደሩባቸው ናቸው።»

ቻንድራኬት ባቡ እንግሊዝኛው እስከዚህ ይደርሳል። ክንዴን ያዘኝ። «አንቺ ውሻ!» አለኝ። እስከ ዛሬ ‹እርስዎ› እያለ ኖሮ፣ አንቺ ለማለት ቀናት የተለማመደ ይመስል እንዴት እንደቀለለው።

ቴንሞዚ በጭቃው ተመልሳ መኪናዋ ገባች። ከሴቶቹ አንዲቷ እግሬ ሥር ተፋች፤ ምን እንዳልኩ አልሰሙም፤ ማን ይተርጉምላቸው?

ስለ ሱራት ያለችውን የተረጎምኩት እንደተባለ ነው። መተርጎም ማመን አይደለም።

አሳር፣ ሰኞ

ከሥራ ተባረርኩ። ደብዳቤው ላይ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ይላል። ነጩን ቤት የስፖርት መምህሩ ገብቶበታል።

ባቡጂ ሰምቷል፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። «ዘገየሽ» አለኝ። ሌላ የለም። ይህ ነው ምስጋናው።

«አሁን እንጀራሽን ማን ሊሰጥሽ ነው?» አለኝ ቆይቶ።

«ለእርስዎስ ማን ሊያበስልልዎት ነው?»

ተፋጠጥን። ከዚያ የሽምብራ በሶውን በጥብጬ ለሁለታችንም ቀዳሁ፤ ጀርባና ጀርባ ሆነን ጠጣን።

አሳር፣ ረቡዕ

ከጎረቤት ስልክ ሱራት ደወልኩ። በማያውቀው ቁጥር ወዲያው አነሳ። «ሃሎ» ሲል ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። ዘጋሁት።

የጎረቤት ልጅ ይሆናል።

አሳር፣ ሐሙስ

የጎረቤት አይደለም። አንዲት ሴት ልጁን «አባትህ ጋ ሂድ» ስትለው ሰምቻለሁ። ትናንትናውኑ ሰምቼው ነበር።

ባቡጂን «ያውቁ ነበር?» አልኩት። መሬት መሬት አየ። «ልጄ ነው» አለ። ምን ለማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ልብሱን ሳላጥብለት ዋልኩ።

ሳዋን፣ ማክሰኞ

ቻንድራኬት ባቡ ኩባንያውን «ተርጓሚዋ አእምሮዋ የታወከ፣ ባሏ የጣላት ሴት ናት፤ የሚከራከሩት ወንበዴዎች ናቸው» ብሎ አሳምኖ ሌላ ተርጓሚ ከፓትና ሊያስመጣ ነው አሉ። እስከዚያው ኩሬውን በሽቦ አጠረው። ሴቶቹ ሽቦውን ነቅለው ውሃ ውስጥ ጣሉት። ሁለቱን ፖሊስ ወስዶ በማግሥቱ ለቀቃቸው።

ባቡጂ ካይቲውን በራሱ እጅ በሂንዲ ገልብጦ፣ ድሮ ቀያሽ እንደነበር ጽፎ ፈርሞበት ለላውንጊያ ሰጣት። ዋጋውን ግን ዓሣ ተቀብሏል፤ ትልቅ ሮሁ ዓሣ፤ ጭንቅላቱን ብቻውን በላው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሽማግሌ!

ሳዋን፣ ዓርብ

ዛሬ ላውንጊያ መጣች። አሁንም መንገዱ መሃል ቆማ ነው።

«ለቼናይዋ ሴት ወረቀት መጻፍ አለብን» አለች። «የፓትናው ሰው ሳይደርስ። በእንግሊዝኛ።»

«ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ፈለግን። የሚችሉት ሁሉ የቻንድራኬትን እንጀራ የሚበሉ ናቸው። የማትበዪው አንቺ ብቻ ቀረሽ።» ቀጥላ «ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ» አለች።

«አልመሰለኝም።»

ተከትያት ሄድኩ። ማላ ሰፈር ስገባ ሰላም ያለኝ የለም። የጭቃ ወለል ላይ ሰሌን አነጠፉልኝ፤ እነሱ ዙሪያዬን ቆሙ። ላውንጊያ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ስለ ውሃው፣ ስለ ማካናው፣ ስለ ሙታኑ፣ ስለ ቃሏም። ባቡጂ የገለበጠውን እያየሁ እያንዳንዱን የመሬት ስም በእንግሊዝኛ አስገባሁ፤ አንዳንዱን በሁለት ቃል፣ አንዳንዱን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ጦሙን ያደረውን ባዶ አላልኩትም።

ጨርሼ ብድግ ስል ላውንጊያ ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ።

«እንግሊዝኛ አናውቅም። አንቺን ግን እናውቅሻለን» አለች። ሁሉንም ሴቶች ከጎጆው አስወጥታ አንዲቷን አስቀረች። «እንግሊዝኛውን እያየሽ በእኛ ቋንቋ ንገሪያት።» ነገርኳት። እሷ ወጣች፤ ሌላዋ ገባች። ለእሷም እንደ አዲስ። ከዚያ ሦስተኛዋ፣ አሮጊት፣ ጆሮዋ የከበዳት፤ እያንዳንዱን ቃል አስጮኸችኝ። ላቤ ወረደ። አንድም ውሃ ያቀበለኝ የለም።

ከውጭ ጣራው ሥር ተሰብስበው ሦስቱ የሰሙትን ሲያስተያዩ እሰማቸዋለሁ። «ለእኔ ‹አባቶቻችን› ብላለች።» «ለእኔም።» «ለእኔ ‹አያቶቻችን› ነው ያለችው!» ላውንጊያ ዘላ ገባች። አባቶች የሚለው ልክ ነው፣ አሮጊቷ ስላልሰማች ስጮህ ቃል አምልጦኝ ነው አልኳት። «አስተካክዪላት» አለች። አሮጊቷ ተመልሳ ገባች፤ አስተካከልኩ።

ሁሉም አንድ ሲሆን አውራ ጣታቸውን በቀለም እየነከሩ በየተራ አሳረፉበት። ከግርጌ የተርጓሚዋ ስም ይገባል። በእኛ አገር ወረቀት ላይ ሴት ስሟን ስትጽፍ የእገሌ ሚስት ብላ ነው የምትጽፈው። ላውንጊያ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እዚያ ጋ ምን ጻፍሽ?»

«ስሜን።»

«አንብቢው።»

«ሱኒቲ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም።»

መስመሩን በጠባሳማ ጣቷ ነካችው፤ ፊደሉን ሳታውቅ፣ ስሜ የሚያልቅበትንና ባዶው የሚጀምርበትን ፈልጋ አገኘችው። ሴቶቹም፣ እኔም ምን እንደምትል ጠበቅን።

«ይሄ ትክክል ነው» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው።